የማይተነፍሰው ፍሉት

ኖታ በኮምፒውተር የሚጽፍ አቀናባሪ እጁ ቶሎ ቶሎ የሚሄደው ወደ ማጫወቻው ምልክት ነው። አራት ባር ጽፎ ይሰማል፣ ሁለት ጨምሮ እንደገና ይሰማል። ድሮ የሚመለስለት የርካሽ ኪቦርድ ድምጽ ነበርና ማንም አያምነውም ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። በ2022 መጨረሻ የወጣው የኖታ ሶፍትዌር ሚውዝስኮር 4 ሚውዝ ሳውንድስ የተባለውን የኦርኬስትራ ድምጽ በነጻ ይዞ መጣ፤ ቪ ኤስ ቲ የተባሉ የድምጽ ፕለጊኖችንም ይቀበላል። ኖት ፐርፎርመር የተባለው ማጫወቻ ደግሞ ሐረጉን አንድ ሰከንድ ያህል ቀድሞ አንብቦ ነው የሚጫወተው። እኔ ግን ድምጹ ባማረ ቁጥር ጥርጣሬዬ ይጨምራል።

ለፍሉት የታችኛውን ዶ ጻፉና ሁለት ትራምፔት በፎርቴ ደርቡበት። ብዙ ፕለጊን ሁለቱንም ጥርት አድርጎ ያሰማችኋል፤ እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው፣ ማይክ ተጠግቶት የተቀረጸ ነውና። አዳራሽ ውስጥ ያቺን ፍሉት የሚሰማ የለም። ለቫዮሊን የታችኛውን ሶልና አጠገቡ ያለውን ላ በአንድ ጊዜ ጻፉለት፤ ፕለጊኑ ያለ ቅሬታ ይጫወተዋል። ሰው አይችልም። ሁለቱም ያሉት በሶል ክር ላይ ብቻ ነው፤ ቀጣዩ ክር የሚጀምረው ከሬ ነው። ትንፋሽንማ ተዉት፤ የኮምፒውተር ፍሉት እስከ ነገ ድረስ ይነፋል።

ክሬሼንዶ ሌላ ራስ ምታት ነው። ፒያኖ አንዴ ከተመታ ድምጹ ስለማይጨምር ቬሎሲቲ፣ ማለትም እስከ 127 የሚቆጠረው የምት ጉልበት፣ ይበቃዋል። ስትሪንግ ግን አንድ ረጅም ኖታ እንደያዘ ማደግ አለበት፤ ለዚህ አብዛኞቹ ፕለጊኖች የሚጠብቁት የሞድ ዊል፣ ማለትም የኪቦርዱ መሽከርከሪያ፣ መልእክት ነው። ሶፍትዌሩ ቬሎሲቲ ብቻ ከላከ ክሬሼንዷችሁ ወረቀት ላይ ይቀራል። ዶሪኮ በተባለው የኖታ ሶፍትዌር ውስጥ ሶፍትዌሩንና ፕለጊኑን የሚያስማማው ኤክስፕሬሽን ማፕ ነው፤ አሰልቺ ሥራ ቢሆንም አንዴ ከተስተካከለ ያገለግላል። ይህን የማያውቅ ጀማሪ የፒያኖ (የቀስታ) ምልክት የነበረውን ፎርቴ፣ ፎርቴውን ፎርቲሲሞ እያደረገ ኖታውን ለማሽኑ ሲያበላሽ አያለሁ። ልምምድ ላይ የሚጮኸው ግን ሰው ነው።

ማሲንቆ ሲመጣ ደግሞ ከምጠቀምባቸው የድምጽ ስብስቦች አንዱም ማሲንቆ የለውም። በምትኩ የማስገባው ሶሎ ቪዮላ ነው፤ ቫይብራቶው ጠፍቶ፣ ደጋኑ ወደ ድልድዩ ተጠግቶ። ማሲንቆ ላይ ጣት የፈረስ ጭራውን ክር ይነካዋል እንጂ ከእንጨቱ ጋር አያጣብቀውም፤ መንሸራተቱ የሚመጣው ከዚያ ነው። ስለዚህ ፖርታሜንቶ እጨምራለሁ። አንቺሆዬን ኮምፒውተሩ በእኩል በተከፈለ የፒያኖ ቅኝት ሲጫወተው ፊቱ የታጠበ ያህል ባዶ ይሆንብኛል፤ የተጫዋቹን ቅጂ እየሰማሁ በፒች ቤንድ አንዳንዱን ድምጽ በጥቂቱ እገፋዋለሁ። ፒች ቤንድ በሚዲ ቻናሉ ውስጥ ያለውን ድምጽ ሁሉ አብሮ ስለሚያንቀሳቅስ ማሲንቆው የራሱን ቻናል ይይዛል።

ይህን ሁሉ የምሠራው በሌላ ፋይል ነው። ለሙዚቀኛ የሚታተመው ኖታ ንጹሕ ይቆያል። ደግሞም ፊናሌ የተባለው የኖታ ሶፍትዌር በ2024 መቋረጡ ሲነገር ፋይላቸውን ወደ ሌላ ሶፍትዌር ያሻገሩ ሰዎች እንዳዩት፣ በሙዚክ ኤክስ ኤም ኤል የፋይል ቅርጸት የሚሻገረው ኖታው ነው፤ የፕለጊን ቅንብሩ እዚያው ይቀራል።

ዴሞ ለፕሮዲዩሰር ስትልኩ ድምጹን እንደፈለጋችሁ አሳምሩ፤ እንጀራ ነው። ክፍሎቹን ከማተማችሁ በፊት ግን የፍሉቱን መስመር ለአንድ ተጫዋች ላኩና የት እንደሚተነፍስ በእርሳስ ምልክት እንዲያደርግላችሁ ጠይቁት።