ሙስ የሚታደነው በጥር ነው!

ስሙኝማ! ስዊድን ያላችሁ፣ በጥር ዘመድ ለመጠየቅ የምትመጡም፣ ሁላችሁም ስሙኝ! የሙስ፣ የዚያ ግዙፍ አጋዘን፣ አደን ጣዕሙ ያለው ማለቂያው ላይ ነው! ከገና በኋላ! በረዶው ጉልበት ሲደርስ! ሰው ሁሉ ሻማ አብርቶ ቤቱ ሲከተት! ኧረ ውጡ! ምን እንደቀረባችሁ ብታውቁ!

እዚህ አገር ሰው የሚያብደው ለመክፈቻው ነው። በሰሜኑ ሴፕቴምበር ላይ፣ በደቡቡ ኦክቶበር ላይ ጫካው በብርቱካንማ ኮፍያ ይሞላል። ይሙላ! ያኔ ሙሱ ቅጠል ውስጥ ነው፤ አጠገባችሁ ቆሞ አታዩትም። በጥር ግን ዳላርና የሚባለው ክፍለ ሀገር ጫካ ግቡ! ጸጥ! ነጭ በነጭ! የአፍንጫችሁ ጸጉር ሳይቀር ቀጥ ይላል! ሌሊቱን የሆነው ሁሉ በረዶው ላይ ተጽፎ ይጠብቃችኋል። ጥንቸል እዚህ ዘለለች፣ ቀበሮ እዚህ ዞረ፣ ሙሱ… እሱማ! የሙስ ዱካ ስታዩ ትንፋሻችሁ ቀጥ ይላል! ሰኮናው ስንጥቅ፣ ትልቅ፣ በረዶውን በርግዶ የገባ! እርምጃው ደግሞ እኔ ዘልዬም አልደርስበት!

ጓንታችሁን አውልቁ። እውነቴን ነው፣ አውልቁ! ጣታችሁን የዱካው ጠርዝ ላይ አሳርፉ። ደርቆ ጠጥሮ ከሆነ የቆየ ነው፣ እለፉት። ገና ስትነኩት ልስልስ ብሎ ከፈረሰ ግን አሁን ነው ያለፈው! አሁን! ደሜ ሲፈላ ይሰማኛል እኮ እዚች ላይ!

ቀጥሎ ጥዶቹን እዩ። ሙስ የላይኛው የፊት ጥርስ የለውም፤ ስለዚህ ቅርንጫፉን አይቆርጥም፣ ይገነጥለዋል። ጫፉ ተቦጭቆ፣ ተጎልጉሎ ታገኙታላችሁ። በምላጭ የተቆረጠ የመሰለው ሰያፍ ጫፍ የጥንቸል ሥራ ነው። የተቦጨቀውን አሽትቱት! ሙጫው ካልደረቀ ሽታው አናት ድረስ ይወጣል! ደስ ሲል!

የትኛው ጥድ ትሉኝ ይሆናል። ደን ተቆርጦ እንደገና የተተከለበትን፣ ገና ሰው ሰው የሚያክለውን ወጣቱን ጥድ! በብርዱ ወቅት የሙስ ገበታ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 የስዊድን አዳኞች በአንድ ዓመት ከ170,000 በላይ ሙስ ጣሉ! አስቡት! ከዚያ በፊት ሰፊ ሰፊ ደን ተቆርጦ አገሩ በወጣት ጥድ ተሞልቶ ነበራ! በበጋ ሙሱ የትም ይበተናል። በረዶው ሲጠልቅ ግን ጉልበቱን ይቆጥባል። ይበላል፣ ይተኛል፣ ያመሰኳል፣ ተነስቶ እዚያው ይበላል። ትኩስ መኝታ አገኛችሁ ማለት ባለቤቱ ቅርብ ነው!

መኝታውስ! እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ! ሰፊ ጎድጓዳ፣ በገላው ሙቀት ቀልጦ መልሶ የጋገረ፣ ውስጡ ረጃጅም ግራጫ ጸጉር ተጣብቆበት። አንዷን ነቅላችሁ ያዟት። ውስጧ ክፍት ነው፣ አየር ብቻ! ለዚህ ነው ብርድ የማይደፍረው። እንዲያውም የሚያስቸግረው ሙቀት ነው፤ በዚህ ወቅት ከዜሮ በታች 5 ዲግሪ ሲሆን እንኳ ይሞቀዋል! ስለዚህ ቀኑ ለዘብ ካለ ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ ጥቅጥቅ ያለ ጥላ ውስጥ ፈልጉት። ብርዱ ሲጠና ገላጣው ወጣት ጥድ ውስጥ ተዝናንቶ ታገኙታላችሁ።

ደግሞ ውሻው! ወይኔ ውሻው! ያምትሁንድ ይባላል። ግራጫ፣ ደረተ ሰፊ፣ ጅራቱን ጀርባው ላይ የጠቀለለ፣ ዓይኑ የሚናገር! የራሱ ዘር ሆኖ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1946 ነው። ይለቀቃል። ይጠፋል። ጸጥ። ጸጥ። ድንገት አንድ ጩኸት! ሌላ! ከዚያ አንድ ቦታ ሆኖ ያለማቋረጥ! አቆመው ማለት ነው! ሙሱን አቆመው! ሙስ ውሻ ብዙም አይፈራም፤ ፊት ለፊት ተገትሮ ይገላምጠዋል። እናንተ በዚህ መሃል ነፋሱን ፊታችሁ ላይ አድርጋችሁ ትጠጋላችሁ። ጩኸቱ ሲበረታ ትራመዳላችሁ። ጋብ ሲል ባላችሁበት ትደርቃላችሁ። የልባችሁ ምት ጆሮአችሁ ውስጥ!

ታየ! ትከሻው ላይ ሁለት ሜትር የሚጠጋ፣ ከአጋዘን ዘር ሁሉ ትልቁ፣ እንፋሎቱ ከአፍንጫው እየተግተለተለ! በጥር ትልልቆቹ ወንዶች ቀንዳቸውን ጥለዋል፤ ስለዚህ መለየቱ ራሱ ሌላ ደስታ ነው። የወንዱ አፍንጫ ጠቆር ይላል፣ የሴቷ ፊት ቀላ ያለ ቡናማ ነው፣ ከጅራቷ ሥርም ነጭ አላት። አንድ ተኩስ። ጫካው ያስተጋባል። ከዚያ አዳኙ ሁሉ ከየቦታው እየሮጠ ይመጣል!

ከዚያማ እሳት ነው! ጥላሸት የለበሰ ማንቆርቆሪያ፣ ዱቄቱ ቀጥታ ውሃው ውስጥ ገብቶ የተፈላ ቡና! ማጣሪያ የለ፣ ወረቀት የለ! ለአበሻ አፍ የተሠራ! ቀኑም አጭር ስለሆነ ሁሉም ነገር በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ሕጉ ፀሐይ ከመውጣቷ አንድ ሰዓት አስቀድሞ እስክትጠልቅ ይፈቅዳል፣ እሷ ደግሞ ከቀኑ አሥር ሰዓት ሳይሞላ ትሰወራለች።

ሥጋውን የአዳኝ ቡድኑ አባላት ይከፋፈሉታል። ቅርጫ በሉት! መጀመሪያ ግን ይሰቀላል፤ የቀኑ ብዛት በሙቀቱ ተባዝቶ 40 ሲሞላ ይወርዳል፣ በ4 ዲግሪ 10 ቀን መሆኑ ነው። ያኔ ይለሰልሳል! ጥቁር ቀይ፣ ጮማ የሌለው፣ ንጹሕ ሥጋ! ምጣዱን አግሉት፣ ሽንኩርቱን ጣሉ፣ ንጥር ቅቤውን አትሰስቱ፣ ቃሪያ፣ የጥብስ ቅጠል። ጥድ ሲበላ የከረመ ሥጋ ከጥብስ ቅጠል ጋር ሲገናኝ! አቤት! የቀረውን ዘልዝሉት፣ በበርበሬና በጨው እሹት፣ ስቀሉት። እንዲህ ያለ ቋንጣ በሕይወቴ አልቀመስኩም!

ጊዜው ራሱ ለእኛ የተሰፋ ነው እኮ! የነቢያት ጾም የሚፈታው ጃንዋሪ 7 ነው። ከፍስኩ እስከ አደኑ መዝጊያ ሦስት ሳምንት ከምናምን አለላችሁ! ሁለት ካልሲ፣ የሱፍ ሸሚዝ፣ አንድ ቴርሞስ፣ ሌላ ምን ትፈልጋላችሁ?

የሰፈራችሁን አዳኝ ዛሬውኑ ጠይቁ! ያለ መሣሪያ ከውሻው ጌታ ኋላ መከተል ይቻላል፤ ዱካውም፣ ጩኸቱም፣ እሳቱም የእናንተ ነው። የአዳኝነት ፈተናውን፣ ያጋርኤክሳሜኑን፣ እግረ መንገዳችሁን ተመዝገቡ። እህቶቼ፣ እናንተን በተለይ ነው የምላችሁ፣ ተመዝገቡ! አደኑ የሚዘጋው ጃንዋሪ 31 ነው፤ ቶሎ በሉ!