«ቀደመ» የሚለው ግሥ ሦስት ሸክም፤ ስለ መኪና እሽቅድምድም ቃላት አተረጓጐም

የሙያ ቃላት ጉዳይ ሲነሣ የብዙዎቻችን ሐሳብ የሚሄደው ወደ ሕክምና፣ ወደ ሕግና ወደ እርሻ ነው። ስፖርት ከእነዚህ ጎን ሲቆም እንደ ጨዋታ ይቆጠራል፤ የቃላቱም ነገር ለጋዜጠኛው የዕለት ብልኀት ይተዋል። ይሁን እንጂ አንድ ቋንቋ አዲስ ነገር ለመቀበል ያለው አቅም የሚፈተነው በኮሚቴ ስብሰባ ብቻ አይደለም፤ ሰው ነገሩን ወዶ ዓመቱን ሙሉ በሚከታተልበት ቦታም ይፈተናል። ይህ አጭር ሐተታ የሚመለከተው ከእንዲህ ያለው ቦታ አንዱን ነው። ዘመናቱ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አዴት ከባሕር ዳር በስተደቡብ፣ ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኝ የይልማና ዴንሳ ወረዳ ከተማ ናት። ስሟ የሚነሣው በጤፏና በግብርና ምርምር ማዕከሏ እንጂ በመኪና እሽቅድምድም አይደለም። ነገር ግን በአንድ እሑድ ከቀኑ ዐሥር ሰዓት ላይ ከአንድ ሻይ ቤት ብገባ፣ የፎርሙላ ዋን ውድድር በሳተላይት ቴሌቪዥን ሲታይ አገኘሁ። ተመልካቾቹ ከፍኖተ ሰላምና ከቡሬ ጭነት ይዘው የመጡ ሾፌሮች፣ የከተማው መካኒኮች፣ ተማሪዎችና ሁለት ሦስት ገበሬዎች ነበሩ። የቴሌቪዥኑ ንግግር እንግሊዝኛ ስለሆነ አንድ ወጣት የእንግሊዝኛ መምህር ከመካከላቸው ቆሞ ወደ አማርኛ ይመልስላቸዋል። ማንም የሚከፍለው የለም፤ የዓመቱን ውድድር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ስለሚከታተል ብቻ ሥራው የእርሱ ሆኗል። ከዚያ በኋላ ለሌሎች ሁለት ውድድሮች ተመላልሼ አዳመጥሁት። ትችቴ በእርሱ አተረጓጐም ላይ ነው። ትችት ስል ስሕተት ለቀማ ማለቴ አይደለም፤ ያለ መዝገበ ቃላትና ያለ ፋታ፣ አድማጩን ፊት ለፊት እያየ የሚተረጉም ሰው ከብዙዎቻችን በከበደ ፈተና ላይ ነው።

በመጀመሪያው ቀን ጆሮዬን የሳበው የአንድ አዛውንት ጥያቄ ነበር። በውድድሩ አጋማሽ ላይ መሪው መኪና በዝግታ የሚሄድ ሌላ መኪና ላይ ደርሶ አለፈው። ተርጓሚው «መሪው ቀደመው» አለ። አዛውንቱም፣ «ልጄ፣ ከፊት የነበረው ተቀደመ ትላለህ፤ መሪው ደግሞ ጥንቱንም ከፊት ነው ትላለህ። ታዲያ ሁለቱም ከፊት ከሆኑ የቀደመው የቱ ነው?» አሉት። ወጣቱ፣ «አባባ፣ ያኛው በአንድ ዙር ኋላ ነው፤ ከፊት ቢታይዎትም ኋላ ነው» ብሎ መለሰ። ሰዎቹ ሳቁ። አዛውንቱ ግን አልሳቁም፤ ጥያቄያቸውም ያልተመለሰ መሆኑ ከፊታቸው ይነበብ ነበር።

ጥያቄው ካለማወቅ የመነጨ አይደለም፤ ከቋንቋው የመነጨ ነው። «ቀደመ» በአማርኛ ቢያንስ ሦስት ነገሮችን ይሸከማል። በመንገድ ላይ ከፊት መገኘትን ይናገራል፤ ሌላውን አልፎ የመሄድን ድርጊት ይናገራል፤ በማዕርግ ወይም በውጤት መብለጥንም ይናገራል። ፈረስ በቀጥተኛ ሜዳ ሲጋለብ እነዚህ ሦስቱ አንድ ናቸው። ከፊት ያለው ያለፈ ነው፤ ያለፈውም የበለጠ ነው። የምዕራብ ጎጃም ጎረቤት በሆነው በአዊ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን ሲያከብር በሜዳው ዳር የሚቆም ተመልካች፣ የቀደመው ማን እንደሆነ ለማወቅ ዓይኑ ይበቃዋል። መኪና በዝግ ምሕዋር በሚዞርበት ቦታ ግን ሦስቱ ይለያያሉ። ከፊት የሚታየው በውጤት መጨረሻ ሊሆን ይችላል፤ የታለፈው መኪናም ቦታውን ሳያጣ ሊታለፍ ይችላል።

ለዚህ ችግር መፍትሔ ፍለጋ ወደ ውጭ ቋንቋ መሄድ አያስፈልግም። አማርኛ ይህንኑ ችግር በሩጫ ሜዳ ቀደም ብሎ አግኝቶታል። የ10,000 ሜትር ሩጫ 25 ዙር ነው። ይህን ሩጫ በሬዲዮ ያዳመጠ ሕዝብ «ዙር» ምን እንደሆነ፣ አንዱ ሯጭ ሌላውን «ደረበው» ሲባልም ነገሩ ምን እንደሆነ ያውቃል። እንግዲህ ድርጊቱን «አለፈ»፣ የዙር ብልጫውን «ደረበ»፣ የውጤቱን ብልጫ ብቻ «ቀደመ» ወይም «መራ» ብንል አዛውንቱ ባልተቸገሩ ነበር። ተርጓሚው ቃላቱን አጥቶ አይደለም። እርሱ ራሱ ስለ ሩጫ ሲናገር «ደረበ» ይላል። መኪና ሲሆን ግን እንግሊዝኛው ከፊቱ ስለሚቆም የራሱን ቃል ይረሳል።

ነገሩ ጥቃቅን መስሎ የሚታየው ካለ ታኅሣሥ 3 ቀን 2014 ዓ.ም. በአቡ ዳቢ የሆነውን ያስታውስ። ሉዊስ ሃሚልተንና ማክስ ቨርስታፐን እኩል 369.5 ነጥብ ይዘው ወደ ዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ገቡ። ከ58ቱ ዙሮች ጥቂቶች ሲቀሩ አንድ መኪና ተጋጨ፤ መንገዱ እስኪጸዳ ድረስ ሁሉን ከኋላዋ አስከትላ በዝግታ የምትሄደው መኪናም ወጣች። በመሪው በሃሚልተንና በተከታዩ በቨርስታፐን መካከል ዙር የተደረቡ አምስት መኪኖች ነበሩ። የውድድሩ ዳይሬክተር እነዚህ አምስቱ ብቻ አልፈው እንዲሄዱ ፈቀደ፤ ሌሎቹ የተደረቡት በነበሩበት ቀሩ። አዲስ ጎማ አስገብቶ የነበረው ቨርስታፐን በመጨረሻው ዙር ሃሚልተንን አልፎ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ።

የሃሚልተን ቡድን መርሴዲስ ባቀረበው አቤቱታ ከተነሡት ክርክሮች አንዱ የሰዋስው ክርክር ነበር። ደንቡ እንዲያልፉ የሚያዝዘው ዙር የተደረቡ መኪኖችን ሲሆን፣ ከስሙ በፊት «ኤኒ» የሚል ቃል ነበረው። መርሴዲስ ይህ «ሁሉም» ማለት ነው ሲል፣ ተቃራኒው ቡድን ሬድ ቡል «ኤኒ» እና «ኦል» አንድ አይደሉም ብሎ ተከራከረ። ዳኞቹ ለዳይሬክተሩ ሥልጣን በሚሰጠው አንቀጽ ተመርኩዘው አቤቱታውን ውድቅ አደረጉት። ለቀጣዩ የውድድር ወቅት ግን ደንቡ ተሻሽሎ «ኦል» ተባለ።

በአዴት ሻይ ቤት ይህ ክርክር እስከ ዛሬ አልበረደም። ከተመልካቾቹ አብዛኞቹ «ደንቡ ሁሉም ይለፉ እያለ ዳይሬክተሩ አምስት መርጦ አሳለፈ» ይላሉ። «ሁሉም» የሚለው ቃል ከየት እንደመጣ ስጠይቅ ተርጓሚው፣ «ያን ዕለት እኔ ነኝ ያልሁት» አለኝ። በዋናው ጽሑፍ አከራካሪ የነበረው ቃል አማርኛ ሲሆን አከራካሪነቱ ጠፋ፤ ፍርዱን ዳኞቹ ከመስጠታቸው በፊት ተርጓሚው ሰጥቶት ነበር ማለት ነው። «ማንኛውም» ብሎ ቢሆንስ? ውጤቱ ያው ነበር። በአማርኛ የሕግ አጻጻፍ፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥትም ጭምር፣ «ማንኛውም ሰው» ሲባል አንድም የማይቀር ማለት ነው። «ከተደረቡት መካከል» ቢል ደግሞ ለሬድ ቡል መፍረዱ ነበር። አንዱንም ወገን ሳይደግፍ ሊያስኬደው የሚችለው ያለ ምንም መጠን ገላጭ «ዙር የተደረቡ መኪኖች ይለፉ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ነው። አማርኛ ስምን እንዲህ ባዶውን ትቶ መጠኑን ለአድማጭ ማሰብ የማስተው ችሎታ አለው። ተርጓሚ ግልጽ ማድረግ ግዴታው ነው ብለን ስናስተምር፣ ዋናው ጽሑፍ ግልጽ ባልሆነበት ቦታ ግልጽ ማድረግ ፍርድ መስጠት መሆኑንም አብረን ማስተማር ይገባናል።

ወደ ራሊ ስንሻገር ችግሩ መልኩን ይለውጣል። ራሊ ለአገራችን ጆሮ እንግዳ ቃል አይደለም፤ በዘውዱ ዘመን «ሃይላንድ ራሊ» የተባለ ውድድር በኢትዮጵያ ይካሄድ ነበር። በጎረቤታችን በኬንያ የሚታወቀው ሳፋሪ ራሊም በ1945 ዓ.ም. ተጀምሮ፣ ከዓለም ሻምፒዮና በ1994 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በ2013 ዓ.ም. ተመልሷል። ተርጓሚያችን ይህንንም ያንንም «የመኪና እሽቅድምድም» ይለዋል። በዚህ አልስማማም። «እሽቅድምድም» ራሱ የ«ቀደመ» ልጅ ነው። «ተሽቀዳደመ» የሚለው ግሥ ከ«ተሽ-» በኋላ መካከለኛውን ሥር ፊደል ይደግማል፤ ስሙ ደግሞ የመጨረሻዎቹን ሁለቱን ይደግማል። ትርጉሙም እርስ በርስ ለመቅደም መጣደፍ ነው። ይህ መኪኖች ጎን ለጎን ለሚተናነቁበት ለፎርሙላ ዋን እጅግ ተስማሚ ነው። በራሊ ግን መኪኖቹ በደቂቃዎች ልዩነት አንድ በአንድ ይነሣሉ፤ እያንዳንዱ የሚታገለው ከሰዓት ጋር ነው። እንዲያውም በጠጠር መንገድ ላይ መጀመሪያ የሚነሣው ልቅ ጠጠሩን ለተከታዮቹ እየጠረገ ስለሚሄድ ከፊት መሆኑ ይጎዳዋል። በመጀመሪያው ቀን ይህ ዕጣ የሚደርሰው ደግሞ ሻምፒዮናውን ለሚመራው ሰው ነው። «ቀዳሚ» የተባለው ሰው በመቅደሙ የሚጎዳበትን ነገር «እሽቅድምድም» ማለት አድማጭን ማሳሳት ነው።

እዚህ ላይ «ውድድር» የሚለው ቃል ዋጋው ይታያል። ሥሩ «ወደር» ነው፤ እኩያ፣ አቻ ማለት። «ወደር የለውም» ስንል የሚስተካከለው የለም ማለታችን ነው። መወዳደር እንግዲህ በመሠረቱ መመዛዘን ነው፤ ራሊም የጊዜ ምዝና ነው። ስለዚህ «እሽቅድምድም»ን ለምሕዋሩ፣ «ውድድር»ን ለራሊው መለየትን አቀርባለሁ። «ውድድር» ለሁለቱም የወል ስም ሆኖ ማገልገሉን አልቃወምም፤ «እሽቅድምድም» ግን ለራሊ አይሁን።

ከዝርዝር ቃላቱ ጥቂቶቹን ላንሣ። ከላይ የጠቀስኋትን ዝግተኛ መኪና ተርጓሚው «የደህንነት መኪና» ይላታል። ቃል በቃል ሲታይ ስሕተት የለበትም፤ ነገር ግን በአገራችን ሰው «የደህንነት መኪና» ሲሰማ ማን እንደተቀመጠባት የሚያስበውን መናገር አያስፈልግም። አንዱ ሾፌር «እነዚህ ደግሞ እዚያም አሉ?» ማለቱን ሰምቻለሁ። «አረጋጊ መኪና» ይሻላል እላለሁ። መኪና ከመንገድ ወጥቶ ጎማ ሲያስቀይር ተርጓሚው «ጋራዥ ገባ» ይላል፤ መካኒኮቹ ይስቃሉ፤ እነርሱ የሚያውቁት ጋራዥ የገባ መኪና ሳምንት የሚቆይ ነውና። በ2016 ዓ.ም. መጀመሪያ በኳታር የማክላረን ቡድን አራቱንም ጎማ በ1.80 ሰከንድ ቀይሯል። ከተመልካቾቹ አንዱ «ጎሚስታ ጋ ገባ» ሲል ሰማሁ፤ ይህ ከተርጓሚው ቃል ለእውነቱ ይቀርባል። በፎርሙላ ዋን በውድድር መካከል ነዳጅ መሙላት ከ2002 ዓ.ም. የውድድር ወቅት ጀምሮ ስለቀረ፣ «ጎማ ሊቀይር ገባ» ብሎ በግልጽ መናገር ይበቃል። በራሊ ከነጂው ጎን ተቀምጦ የመንገዱን ኩርባና ቁልቁለት ከማስታወሻ የሚያነብለትን ሰው «ረዳት» ማለትም አይበጅም፤ ረዳት በእኛ መንገድ ሒሳብ የሚሰበስበው ነው። «መንገድ ነጋሪ» ቢባል ሥራው ከስሙ ይታወቃል። «መሪ» ደግሞ ራሱን የቻለ ወጥመድ ነው፤ የሚመራው ሰውም፣ በእጁ የሚያዞረውም አንድ ስም አላቸው። «መሪው ተበላሸ» ሲባል ተመልካቾቹ የትኛው እንደሆነ ሲጠይቁ ሰምቻለሁ። እዚህ ላይ «የመኪናው መሪ» ብሎ አንድ ቃል መጨመር እንጂ አዲስ መፍጠር አያስፈልግም።

እነዚህን ሁሉ በባዕድ ቃል ብንተው ምን ይጎዳል የሚል ባልደረባ ይኖራል። ክርክሩ ክብደት አለው። ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ፣ ጎማ ከጣሊያንኛ ገብተው ቋንቋውን አልጎዱትም። በ1972 ዓ.ም. በሞስኮ ኦሎምፒክ በ5,000ና በ10,000 ሜትር ያሸነፈው ምሩጽ ይፍጠር «ማርሽ ቀያሪው» ሲባል፣ አማርኛ ከጋራዥ የተዋሰውን ለሩጫ ሜዳ ጌጥ አድርጎ አውሎታል። እኔም ከዓመታት በፊት በአንድ ኮሚቴ ውስጥ ለመኪና ዕቃዎች ከግዕዝ ሥር ስም ካወጡት አንዱ ነበርሁ፤ ከእነዚያ ስሞች በአዴት ጋራዥ አንድም አልሰማሁም። በዚህም አላዝንም። ዕቃ በባዕድ ስሙ ቢጠራ የሚሳሳት የለም፤ ዕቃው በእጅ ይነካልና። ማን ማንን እንዳለፈ፣ ስንቶቹ እንደተፈቀደላቸው፣ ማን እንደበለጠ የሚናገሩት ግሦችና መጠን ገላጮች ግን በእጅ አይነኩም። በእነርሱ ላይ የሚደርስ ስሕተት ማንም ሳያየው ያልፋል፤ ሰውም ባልተሠራ በደል ሲከራከር ይኖራል። ስለዚህ የቃላት ኮሚቴዎቻችን ጉልበት ከስሞች ይልቅ በእነዚህ ላይ ቢውል ይበጃል።

በሦስተኛው ጉብኝቴ መሪው መኪና እንደ ልማዱ አንድ ዘገምተኛ ላይ ደረሰ። ወጣቱ ወደ እኔ ሳያይ «ደረበው» አለ። አዛውንቱም፣ «እንዲህ ብትለኝ ኖሮ ያኔ ምን አስጠየቀኝ» አሉት። ቀጥሎም አረጋጊዋ መኪና ወጥታ ሁሉም ከኋላዋ ሲሰበሰቡ፣ «ይህቺስ ልጓም ናት» አሉ። ከእኔ «አረጋጊ» የእርሳቸው «ልጓም» ሳይሻል አይቀርም። በሌሎች ከተሞች በእንዲህ ያሉ ቦታዎች ሲነገሩ የሚሰሙ ቃላትን አንባብያን እየመዘገቡ ቢልኩልን፣ በዚሁ መጽሔት ተራ በተራ እንመረምራቸዋለን።