ስለ «ራስላስ» ጥቂት ሂስ፦ ሦስቱ ወንድሞች የት አሉ?

ሰሞኑን በካምፓችን ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተው መጽሐፍ «ራስላስ» ነው። እንግሊዛዊው ሳሙኤል ጆንሰን በ1759 የጻፈውን፣ የብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ ልጅ ሲራክ ኅሩይ ወደ አማርኛ መልሰውታል። (እዚህ የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) አንዳንድ አንባብያን አስተያየት እንድንጽፍበት ስለጠየቁን፣ የሚመሰገነውንም የሚነቀፈውንም ባጭሩ እናቀርባለን።

ራስላስ የንጉሠ ነገሥቱ አራተኛ ልጅ ነው። የዙፋን ተራ እስኪደርሰው ከወንድሞቹና ከእኅቶቹ ጋር በተራራ በተከበበ ለምለም ሸለቆ ይኖራል። ምግቡ ሞልቷል፤ ዘፈኑና ጨዋታው አይቋረጥም። በሩ የሚከፈተው ግን ንጉሡ በዓመት አንድ ጊዜ ሲመጣ ብቻ ነው። ልዑሉ በሃያ ስድስት ዓመቱ ኑሮው ይሰለቸዋል። ከባለቅኔው ኢምላክ፣ ከእኅቱ ከነካያና ከደንገጡሯ ከፔኩዋ ጋር ተራራውን ሰርስሮ ይወጣል። ደስታን ፍለጋ እስከ ካይሮ ይሄዳል፤ አያገኛትም።

መጽሐፉ የሚመሰገንበት ዋናው ነገር፣ ቀለብ ለተሰፈረለት ሰው ጥያቄው ገና መጀመሩ መሆኑን ማሳየቱ ነው። ራስላስ ፍየሎች ሲግጡ እያየ ራሱን ከእነርሱ ጋር ያነጻጽራል፤ እነርሱ ሲጠግቡ ያርፋሉ፣ እርሱ ግን ጠግቦም አያርፍም። ይህን ክፍል ሞያሌ ላይ የተቀመጠ ስደተኛ ያለ አስተማሪ ይረዳዋል። በሚዛን የሚሰጠን በቆሎ ረኀብ ያስታግሣል እንጂ ነገ የት እንደምናድር አይነግረንም።

ይሁን እንጂ መጽሐፉ አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። ራስላስ አራተኛ ልጅ ከሆነ፣ ሦስቱ ታላላቆቹ የት አሉ? አንዳቸውም ስም የላቸውም፤ አንዲት ቃል አይናገሩም። በመምህራን ማሠልጠኛ ስናስተምር ዕጩ መምህራን ሁልጊዜ የሚያነሡት ጥያቄ ይኸው ነበር። ጥያቄው ቀላል አይደለም፤ የሸለቆው አጥር የታጠረው በእነዚያ ወንድሞች ምክንያት ነውና።

እውነተኛውን ታሪክ እንመልከት። ይግብአ ጽዮን በ1294 ከሞተ በኋላ እስከ 1299 ድረስ አምስት ልጆቹ በዙፋኑ ላይ እንደተፈራረቁ የነገሥታት ዝርዝር ያመለክታል። ወንድማማቾቹ በየዓመቱ ተራ ሊነግሡ ተስማምተው እንደነበር፣ ከእነርሱም አንዱ ተራውን ላለመልቀቅ ሌሎቹን ግሸን አምባ ላይ እንዳሰረ በአፈ ታሪክ ይነገራል። ከዚያ ወዲያ ንጉሥ ሲነግሥ ወንድም ወደ አምባ መውጣቱ ልማድ ሆነ። ዘርዐ ያዕቆብ ራሱ በ1434 ለንግሥና የወረደው ከግሸን ነው። በ1520 የመጣው ፖርቱጋላዊው ቄስ አልቫሬዝ፣ ከመሳፍንቱ ደብዳቤ ይዞ የወረደ አንድ መነኩሴ ከጠባቂዎቹ ጋር በተደጋጋሚ ሲገረፍ ማየቱን ጽፏል። በ1540 የኢማም አሕመድ ጦር አምባውን ሲይዝ እዚያ የነበሩትን መሳፍንት ፈጃቸው።

ግዞቱ ከሞት ይሻላል የሚል ይኖራል። እውነት ነው፤ የቱርኩ ሱልጣን መሐመድ ሣልሳዊ በ1595 ሲነግሥ 19 ወንድሞቹን አስገድሏል። ነገር ግን አምባው ፍርሃትን አላጠፋም፤ አከማቸው እንጂ። ዐፄ ፋሲለደስ ልማዱን በወህኒ አምባ አደሱት፤ ዛሬ «ወህኒ ቤት» ስንል የምንጠራው ስም የዚያ አምባ ስም ነው። ጄምስ ብሩስ እንደሚተርከው፣ ታላቁ ኢያሱ እስረኞቹን ሲጎበኙ ቀለባቸው በሹማምንት ተበልቶ፣ ቡትቶ ለብሰው አገኟቸው። የጆንሰን የተድላ ሸለቆ እውነተኛ ገጽታ ይህ ነበር። የኢያሱ ልጅ በካፋ ከወህኒ አምልጦ ኦሮሞዎች ዘንድ ተጠጋ። በተያዘ ጊዜ ለንግሥና እንዳይበቃ ተብሎ የአፍንጫው ጫፍ ተቆረጠ። ወንድሙ ዳዊት በ1721 ሲሞት ግን መኳንንቱ ያነገሡት እርሱኑ ነው። አምባውም ቢላዋውም የወንድምን መብት ሊያስቀሩ አልቻሉም።

ጆንሰን የጻፈው ተረት እንጂ ታሪክ አይደለም፣ ለምን ይወቀሳል? የሚለን አንባቢ ይኖራል። ስለ ቦታውና ስለ ዘመኑ አንወቅሰውም። ስለ አገራችን የማያውቅ ሰውም አልነበረም፤ የኢየሱሳዊውን የሎቦን የጉዞ መጽሐፍ ተርጉሞ በ1735 አሳትሟል። «ራስላስ» የሚለው ስም ከራስ ሥዕለ ክርስቶስ እንደመጣ ብዙ አጥኚዎች ይስማማሉ። ሥዕለ ክርስቶስ የዐፄ ሱስንዮስ ወንድም ነበር፤ የወንድሙ ልጅ ፋሲለደስ ሲነግሥ ተጋዘ። እንግዲህ ደራሲው የወንድምን ስም ወሰደ፣ አጥሩንም ወሰደ፤ አጥሩ የታጠረበትን ምክንያት ግን ትቶት ሄደ። የምንወቅሰው በዚህ ነው።

የዚህ ጉድለት ዋጋ በመጨረሻው ምዕራፍ ይታያል። ራስላስ በፍትሕ የሚያስተዳድራት ትንሽ መንግሥት ይመኛል፤ የግዛቱን ወሰን መወሰን ግን ያቅተዋል፣ በሐሳቡ ሕዝቡን ያበዛል። ነካያም ሆነች ኢምላክ አንድ ነገር አይጠይቁትም፦ ስትነግሥ ወንድሞችህን ምን ታደርጋቸዋለህ? እርሱ ከአጥሩ ወጣ፤ ከእርሱ እኩል መብት ያላቸው ግን እዚያው ቀሩ። ለእነርሱ በሩን ሊከፍት ሲያስብ አንድም ቦታ አናነብም።

እኛም በየድንኳኑ «አገር ስንገባ» እያልን ፍትሕ የሰፈነበት መንግሥት እናቅዳለን። የአንዱ ዕቅድ ከሌላው አይገጥምም፤ በዚህ የተነሣ የማይነጋገሩ፣ ውሃ ለመቅዳት እንኳ ተራ የሚጠባበቁት ተኮራርፈው የሆኑ ሰዎች በመካከላችን አሉ። ስለዚህ ራስላስ ያልተጠየቀውን ለራሳችን እንጠይቅ፦ በዕቅዳችን ውስጥ ከእኛ የሚለየው፣ መብቱ ግን ከእኛ እኩል የሆነው ወንድማችን የት ይቀመጣል? ለእርሱ ያሰብንለት ቦታ አምባ ከሆነ፣ ከሸለቆው ገና አልወጣንም።

ከዚህ ሐሳብ የሚለይ አንባቢ መልሱን ጽፎ ይስጠን፤ በሚቀጥለው እትም በዚሁ ገጽ እናወጣዋለን። «ራስላስ»ን ያላነበባችሁም አንብቡት፤ ስታነቡም ሦስቱን ወንድሞች ፈልጓቸው።