የጉልላቱ ሥዕልና የጎደለው ጉዞ
(ስለ ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ አፈጣጠር በሚሰጠው ትምህርት ላይ የቀረበ ሂስ)

ስለ ነዳጅ ዘይት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ከሚሰጠው ትምህርት ውስጥ በተማሪው አእምሮ ተቀርጾ የሚቀረው አንድ ሥዕል ነው። ሥዕሉ በየአገሩ የመማሪያ መጻሕፍት የታወቀ ነው። የዐለት ንጣፍ እንደ ጉልላት ወደ ላይ ጎብጦ፣ ከጉልላቱ ሥር በላይ ጋዝ፣ በመካከል ዘይት፣ በታች ውሃ ተኝቶ፣ ከገጸ ምድር የወረደ አንድ ጉድጓድ ዘይቱን ሲቀዳ ያሳያል። መምህሩ በሰሌዳ ላይ ይሥለዋል፤ ተማሪው ይገለብጠዋል፤ በፈተናም ጊዜ ሦስቱን ስሞች በየቦታቸው አስቀምጦ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ነገር ግን ይህን ያደረገ ተማሪ ስለ ነዳጅ ዘይት ምን ዐወቀ? ሊመረመር የሚገባው ጥያቄ ይህ ነው።

ሥዕሉ ሐሰት ነው ማለት አይቻልም። ጋዝ ከዘይት፣ ዘይት ከውሃ የሚቀል በመሆኑ በዚያ ቅደም ተከተል መደርደራቸው እውነት ነው። አሜሪካዊው የሥነ ምድር ሊቅ አይ. ሲ. ዋይት እ.ኤ.አ. በ1885 ጋዝ በጎበጡ የዐለት ንጣፎች አናት ላይ እንደሚጠራቀም ካስረዳ ወዲህ፣ ይህ አስተሳሰብ ለብዙ ፍለጋ መሪ ሆኖ አገልግሏል። የሥዕሉ ጉድለት ባሳየው ነገር ላይ ሳይሆን በሸሸገው ነገር ላይ ነው።

የመጀመሪያው ጉድለት ዘይቱን ሐይቅ ማስመሰሉ ነው። በጥቁር ቀለም የተሞላው ስፍራ ለተማሪው ባዶ ዋሻ ውስጥ የተጠራቀመ ፈሳሽ መስሎ ይታየዋል። በእርግጥ ግን ዘይቱ የሚገኘው በድፍን ዐለት ውስጥ፣ በአሸዋ ቅንጣቶች መካከል ባሉ ዐይን በማያያቸው ቀዳዳዎች ነው። ይህን ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ውሃ የተሞላ አዲስ እንስራ ውጩ የሚያወዛው ሸክላው ድፍን መስሎ ሳለ በጥቃቅን ቀዳዳዎች የተሞላ ስለሆነ ነው። ነገሩን በስሌት ማሳየትም ይቻላል። ከአንድ ሜትር ኩብ አሸዋማ ድንጋይ ውስጥ 20 በመቶው ቀዳዳ ቢሆን፣ ሊይዝ የሚችለው ፈሳሽ 200 ሊትር ነው። ከዚህ ሩቡን ውሃ ቢይዘው ለዘይት የሚቀረው 150 ሊትር ይሆናል። በዓለም የዘይት መስኮች በአማካይ የሚወጣው ከነበረው ሲሶ ገደማ በመሆኑ፣ ከዚያ ሁሉ ዐለት የሚገኘው 50 ሊትር ያህል ነው። ይህን ያሰላ ተማሪ ዳግመኛ ስለ «ዘይት ባሕር» አይናገርም።

ሁለተኛውና ከሁሉ የከፋው ጉድለት ሥዕሉ ጉዞውን ማስቀረቱ ነው። ዘይቱ በተገኘበት ስፍራ የተፈጠረ ያስመስላል። ታሪኩ ግን የሚጀምረው ከሌላ ቦታ፣ ከሌላ ዐለት ነው። በውሃ ላይ የሚኖሩ ደቂቅ ዕፅዋትና እንስሳት ሞተው ኦክሲጂን በሌለበት ጭቃ ውስጥ ሲቀበሩ፣ ቅሪታቸው ሳይበሰብስ ከደለሉ ጋር ይቆያል። ደለሉ እየተደራረበ ሲሄድ ቅሪቱ ኬሮጅን ወደሚባል ጠጣር ነገር ይለወጣል። ሙቀቱ ከ60 እስከ 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሚደርስበት ጥልቀት ኬሮጅኑ ተሰባብሮ ዘይት ይሰጣል፤ ሙቀቱ ከዚያ ሲያልፍ በብዛት የሚገኘው ጋዝ ነው። የገጸ ምድሩ ሙቀት 20 ዲግሪ ሆኖ በየኪሎ ሜትሩ 25 ዲግሪ ቢጨምር፣ ዘይት የሚበስለው ከ1,600 እስከ 4,000 ሜትር ባለው ጥልቀት መሆኑን ተማሪው ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ዘይቱ የተወለደበት ምንጭ ዐለት ግን ጠባብና ጥቅጥቅ ያለ ነው። ጠጣሩ ኬሮጅን ወደ ፈሳሽና ወደ ጋዝ ሲለወጥ ቦታ ስለሚጠበው ግፊት ይፈጥራል፤ ግፊቱም ዐለቱን በጥቃቅን ስንጥቅ እየከፈተ ዘይቱን ያስወጣዋል። ይህ የመጀመሪያው ፍልሰት ይባላል። ከዚያ ወዲያ ዘይቱ ቀዳዳ ወዳለው ዐለት ይገባል። ያ ዐለት አስቀድሞ በውሃ የተሞላ በመሆኑ፣ ዘይቱ ከውሃው ስለሚቀል የንጣፉን ዳገት ተከትሎ ወደ ላይ ይጓዛል። ጉዞው አንዳንድ ጊዜ ከመቶ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ይህም ሁለተኛው ፍልሰት ነው። የሚያስቆመው ቀዳዳዎቹ እጅግ ከመጥበባቸው የተነሣ የዘይትን ነጠብጣብ የማያሳልፉ ክዳን ዐለት ሲገጥመው ነው። ካልገጠመው ወደ ገጸ ምድር ወጥቶ ይባክናል። ወጥመዱ የተሠራው ዘይቱ ካለፈ በኋላ ከሆነም፣ ምንም ያማረ ጉልላት ቢሆን ባዶውን ይቀራል።

ሥዕሉ ተማሪን ብቻ ሳይሆን ባለሙያንም ያሳሳተ ነው። በምሥራቅ ቴክሳስ ጉልላት ባለመታየቱ ብዙ ጠበብት አካባቢውን ንቀውት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1930 በአሜሪካ ከታወቁት መስኮች እጅግ ታላቁ ተገኘበት። ዘይቱን የያዘው ጉልላት አልነበረም፤ የአሸዋማው ድንጋይ ንጣፍ ወደ ምሥራቅ እየሳሳ ሄዶ ማብቃቱና በላዩ ዘይት የማያሳልፍ ዐለት መተኛቱ ነው። እንደዚሁም ዘይት ከባሕር ደለል ብቻ ይገኛል የሚለውን አባባል እ.ኤ.አ. በ1959 በቻይና የተገኘው የዳቺንግ መስክ አፍርሶታል፤ የዚያ ዘይት ምንጭ የጥንት ሐይቅ ጭቃ ነው።

ጉዳዩ ለኢትዮጵያ መምህር የሩቅ ወሬ አይደለም። በኦጋዴን በካሉብ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተገኘው ጋዝ የሚገኘው በካሉብና በአዲግራት አሸዋማ ድንጋዮች ውስጥ ነው። ይኸው የአዲግራት አሸዋማ ድንጋይ በስሙ በሚጠራው አገር ብቻ ሳይሆን፣ ከጎሃ ጽዮን ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ በዓባይ ሸለቆ ግርጌም ይታያል። ከበላዩ ሸክላማ ድንጋይና ጂፕሰም፣ ከዚያም የኖራ ድንጋይ ተደራርበዋል። ማከማቻና ክዳን ሊሆኑ የሚችሉ ዐለቶች እንዲህ ተገልጠው የሚታዩበት የመማሪያ ስፍራ በቀላሉ አይገኝም። ሆኖም መምህሩ ወዲያው ማስጠንቀቅ ያለበት አንድ ነገር አለ። ዐለቱ ስለታየ ዘይት አለ ማለት አይደለም፤ ወንዙ ክዳኑን ሰንጥቆ ባለፈበት ስፍራ የነበረውም ሊያመልጥ ይችላል። በወሎ፣ በወረኢሉ አካባቢ ዘይት ወደ ገጸ ምድር ሲወጣ መታየቱም ፍልሰት መኖሩን እንጂ በቂ ክምችት መኖሩን አያረጋግጥም።

ይህ ልዩነት ተራ የቃላት ጉዳይ እንዳልሆነ ልብ ሊባል ይገባል። የካሉብ ጋዝ ከተገኘ ጀምሮ የመጀመሪያው የማምረቻ ምዕራፍ በመስከረም 2018 ዓ.ም. እስከተመረቀበት ጊዜ ድረስ ከግማሽ ምዕተ ዓመት በላይ አልፏል። ለመዘግየቱ የገበያ፣ የመጓጓዣና የጸጥታ ምክንያቶች ድርሻ ነበራቸው። የከርሰ ምድር ሐይቅ ሥዕል ይዞ ያደገ ዜጋ ግን «ተገኘ» የሚለውን ቃል «ተቀዳ» ብሎ ይሰማዋል፤ ሳይቀዳም ሲቀር ወይ ተስፋ ይቆርጣል፣ ወይ የተሸሸገ ነገር ያለ ይመስለዋል። ነገ በዕቅድ ክፍል የሚቀመጠው፣ ውል የሚመረምረውና በጀት የሚያጸድቀው ይኸው ተማሪ ነው።

ስለዚህ የሚከተሉት ማሻሻያዎች ቢደረጉ ትምህርቱ ይቃናል። አንደኛ፣ ጉልላቱ ብቻውን ከመቅረብ ይልቅ ምንጭ ዐለት፣ የፍልሰት መንገድ፣ ማከማቻ፣ ክዳንና ወጥመድ በአንድ ሥዕል ላይ ይታዩ፤ ያመለጠው ዘይትም ይሣል። ሁለተኛ፣ በብርጭቆ ማሰሮ ውስጥ በውሃ የራሰ ጠጠር በጭቃ ተከድኖ፣ በቀጭን ቱቦ ከሥሩ የኑግ ዘይት ይጨመርበት። ተማሪው የዘይቱን መውጣት፣ ከጭቃው ሥር መቆሙንና ከፊሉም ከጠጠሩ ጋር ተጣብቆ መቅረቱን በዐይኑ ያያል። በጠጠሩ ፈንታ ደቃቅ አሸዋ ቢደረግ ልዩነቱ ይበልጥ ይጎላል። ሦስተኛ፣ ፈተናው ስም ከማስቀመጥ ይልፍ። «ይህ ጉልላት ሲቆፈር ባዶ ሆኖ ተገኘ፤ ሊሆኑ የሚችሉ ሦስት ምክንያቶችን አስረዳ» የሚል አንድ ጥያቄ፣ አሥር ባዶ ቦታ ከማስሞላት የበለጠ ይመዝናል።

እነዚህ ለውጦች አዲስ መሣሪያም ሆነ ተጨማሪ ክፍለ ጊዜ አይጠይቁም። የሚጠይቁት መምህሩ ሰሌዳው ላይ ጉልላቱን ከመሣሉ አስቀድሞ «ዘይቱ ከየት መጣ? ለምንስ እዚህ ቆመ?» ብሎ ክፍሉን እንዲጠይቅ ብቻ ነው።