ስምን መልአክ ያወጣልን?

«ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚለው አነጋገር ከአባቶቻችን አፍ የወረስነው ነው። ሰው አድጎ ሥራው ከስሙ ጋራ የተስማማ በመሰለ ጊዜ ሽማግሌዎች ይህን ይናገራሉ፤ የሚሰማቸውም ራሱን ነቅንቆ ያልፋል። አነጋገሩ ያማረ ነው፤ ስም በከንቱ የሚጣል ነገር አለመሆኑንም ያስተምራል። ነገር ግን ያማረ አነጋገር ሁሉ በየስፍራው እውነት ሆኖ አይገኝም። ሰውን ሳናውቀው፣ ሥራውንም ሳናይ፣ ስሙን ብቻ ሰምተን ጠባዩን የቈረጥን እንደ ሆነ፣ የራሳችንን ፍርድ በመልአክ እናመካኛለን እንጂ መልአክስ ምንም አልፈረደም።

ዛሬ በዚህ ገጽ ልመረምረው የተነሣሁት ይህንኑ ነው፤ የምመረምረውም በልብ ወለድ መጻሕፍታችን በኩል ነው። ስለምን ቢሉ፣ በስም ሰውን መመዘንን በከፊል ያስለመዱን መጻሕፍት ናቸውና፤ ያንን ልማድ እንድንጠራጠር ያደረገንም መጽሐፍ ነው።

አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ በ1900 ዓ.ም. በሮማ ያሳተሙት «ልብ ወለድ ታሪክ»፣ ኋላ «ጦቢያ» በሚል ስም የታወቀው፣ ለአማርኛ ልብ ወለድ መነሻ ሆኖ ይቈጠራል። ባለታሪኳ ጦቢያ ትባላለች። ይህም ስም ሕዝቡ አገሩን ኢትዮጵያን በፍቅር የሚጠራበት ስለ ሆነ፣ አንባቢው ልጅቱ ገና አንዳች ሳትሠራ በስሟ ብቻ ያከብራታል። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴም በ1923 ዓ.ም. ባወጡት «የልብ አሳብ» ሙሽራውን ብርሃኔ፣ በ1925 ዓ.ም. ባወጡት «አዲስ ዓለም» ደግሞ ወደ አውሮፓ ሄዶ ተምሮ የተመለሰውን ወጣት ዐወቀ ብለው ሰይመዋል። ዐወቀ የሚለውን ስም በመጀመሪያው ገጽ ያነበበ ሰው የመጨረሻውን ገጽ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ ዐወቀ ያውቃል፣ የማያውቁት ደግሞ ይቃወሙታል ማለት ነው።

ይህን ስናገር እነዚህን የተከበሩ ደራስያን ለመንቀፍ አይደለም። እነርሱ ያደጉት በምሳሌና በቅኔ ትምህርት ነው፤ በምሳሌም ውስጥ ስም በመንገድ ዳር እንደ ቆመ ምልክት ሆኖ መንገደኛውን ይመራዋል። ለሕዝብ ምክርን በቶሎ ለማድረስም ይህ መንገድ የቀና ነው። ጉድለቱ ግን ይህ ነው፤ አንባቢው መጽሐፉን ከከደነ በኋላ ያንኑ ምልክት በሕያው ሰው ግንባር ላይ ይፈልጋል። ደግሞም ልብ እንበል፤ ጦቢያ የወንድ ልብስ ለብሳ በታየች ጊዜ ሰዎች ወንድ መስላቸው ተታለዋል። አፈወርቅ መልክና ልብስ እንዲያታልሉ በሚገባ አሳዩን። ስምም እንዲሁ እንደሚያታልል ለማየት ግን ሌላ ደራሲ እስኪመጣ ብዙ ዓመት መቈየት ነበረብን።

ያ ደራሲ ሐዲስ ዓለማየሁ ናቸው፤ መጽሐፉም በ1958 ዓ.ም. የታተመው «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ ካሣ ዳምጤ የሚባል ሰው አለ፤ ነገር ግን ካሣ ዳምጤ ብሎ የሚጠራው ጥቂት ነው፤ አገሩ የሚያውቀው ጉዱ ካሣ በሚል ስም ነው። እነሆ፣ በአንድ ሰው ላይ ሁለት ስሞች ተጭነዋል። ካሣ የወላጆች ቃል ነው፤ ያጣነውን በዚህ ልጅ ካሥኸን የሚል ምስጋና አለበት። ጉዱ ግን የመንደሩ ቃል ነው፤ ይህ ሰው እንደ እኛ አይደለም፣ ስለዚህ ነገሩን አትስሙ የሚል ፍርድ አለበት። ፊተኛው ጸሎት ነው፤ ኋለኛው ቍርጥ ፍርድ ነው።

የጉዱ ካሣ ጥፋቱ ምን ነበር? የተማረ ሆኖ ሳለ ልማድን ስለ መረመረ፣ የዘር ትምክሕትን ስለ ነቀፈ፣ ጌታና ሎሌ በአንድ ሚዛን ይመዘኑ ስላለ ነው። ይህን አሳብ በጉባኤ ቆሞ የሚመልስለት ሰው አልተገኘም፤ ማንም ሊመልስለት አላስፈለገውምና። ጉዱ ከተባለ በኋላ መልሱ በስሙ ውስጥ አለ። የሚናገረው እውነት ቢሆንም የጉድ እውነት ነው፤ የሚያዝነውም ኀዘን የጉድ ኀዘን ነው። ደራሲው በታላቅ ብልሃት ያሳዩን ይህን ነው፤ መጥፎ ስም ሰውን ከመስደብ የበለጠ ሥራ ይሠራል፤ የሰሚውን ጆሮ ይዘጋል።

እኔም በዚህ ነገር ከበደል ነጻ አይደለሁም። ይህን ታሪክ በመጀመሪያ ያወቅሁት በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በራዲዮ ሲተረክ ነው። ጉዱ የሚለው ቃል ሲመጣ በቤት ያለን ሁሉ እንስቅ ነበር፤ ገና አንድ ነገር ሳይናገር ስቀንበታል። ካደግሁ በኋላ መጽሐፉን ሳነብ ግን አፈርሁ። በመንደሩ ሰዎች ላይ እፈርድ ነበርና፣ ከእነርሱም ጋራ ስቄ እንደ ነበር ትዝ አለኝ። ደራሲው አንባቢውን አስቀድመው ከሳቂዎቹ ወገን አስቀምጠው፣ ኋላ ሳቁን በራሱ ላይ ይመልሱበታል።

ይሁን እንጂ ሐዲስ ራሳቸው ከቀደመው ልማድ ፈጽመው አልወጡም። ሰብለ ወንጌል፣ የወንጌል መከር ማለት ነው፤ እርስዋም በመጨረሻ መንኵሳ እናገኛታለን። እዚህ ላይ ስም እንደ ቀድሞው መንገድ ይመራል። በአባትዋ ስም ግን ነገሩ ተገልብጧል። መሸሻ ሰው ከመከራ የሚሸሽበት ስፍራ ነው፤ የፊታውራሪ መሸሻ ባላገር ግን ከክፋታቸው የሚሸሽበት አጥቶ በመጨረሻ ተነሣባቸው። ያማረ ስም ያለው ጌታ ጨካኝ ሆኖ፣ የተዋረደ ስም ያለው ዘመድ ደግሞ እውነተኛ ሆኖ በአንድ ቤት ተገናኙ። መልአክ ስም የሚያወጣ ቢሆን ኖሮ ሁለቱን ባለዋወጣቸው ነበር።

እዚህ ላይ ከካህናት አባቶቻችን አንዱ፣ በአንደኛ መጽሐፈ ሳሙኤል ምዕራፍ 25 ናባል እንደ ስሙ ሰነፍ ሆኖ አልተገኘምን፣ ሚስቱ አቢግያስ ይህን አልመሰከረችምን ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ነገር ግን አቢግያ የመሰከረችው ከናባል ጋራ ኖራ፣ ለዳዊት መልእክተኞች የሰጠውን ክፉ መልስ ከሰማች በኋላ ነው። ከሥራው ተነሥታ ወደ ስሙ ደረሰች እንጂ ከስሙ ተነሥታ ወደ ሥራው አልሄደችም። ደግሞም ያው መጽሐፍ ቅዱስ በአንደኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 4 የያቤጽን ነገር ያስታውሰናል። እናቱ በጭንቅ ስለ ወለደችው በጭንቅዋ ሰየመችው፤ እርሱ ግን ከወንድሞቹ ይልቅ የከበረ ሆነ፣ ጸሎቱም ተሰማለት። በሉቃስ ወንጌልም የኤልሳቤጥ ዘመዶች፣ በወገናችሁ ይህ ስም ያለው የለም ብለው ዮሐንስ የሚለውን ስም ተቃውመዋል። ስሙ እንግዳ የሆነባቸው ያ ሕፃን ኋላ መጥምቁ ዮሐንስ ሆነ። እንግዲህ ያልተለመደ ስም የሰማ ሁሉ ዘካርያስ ጽላቱን እስኪጽፍ ድረስ ቢታገሥ መልካም ነው።

ይህ ነገር በመጽሐፍ ውስጥ ብቻ የሚቀር አይምሰለን፤ እንጀራን የሚሰጥና የሚነሣ ነው። በአሜሪካ ማሪያን በርትራንድና ሰንዲል ሙላይናታን የተባሉ ሁለት የምጣኔ ሀብት ሊቃውንት በቦስተንና በቺካጎ ከተሞች ለወጡ የሥራ ማስታወቂያዎች ወደ 5000 የሚጠጉ የፈጠራ ማመልከቻዎችን ልከው፣ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 አሳትመዋል። ስሙን ለማመልከቻው የሰጠው ዕጣ ነው። አንዱ ኤሚሊ ወይም ግሬግ የሚል የነጮች የሚመስል ስም ደረሰው፤ ሌላው ላኪሻ ወይም ጀማል የሚል የጥቁሮች የሚመስል ስም ደረሰው። የነጭ ስም የያዘው 10 ያህል ማመልከቻ ልኮ አንድ ጥሪ ሲያገኝ፣ የጥቁር ስም የያዘው አንዱን ጥሪ ለማግኘት 15 ያህል መላክ አስፈለገው። ከዚህም የሚያሳዝነው፣ ትምህርትና ልምድ ሲጨመር ለነጩ ስም ጥሪው በግልጽ ሲጨምር፣ ለጥቁሩ ስም የጨመረው ጥቂት መሆኑ ነው። ልክ እንደ ጉዱ ካሣ ነው፤ ቢማርም ትምህርቱ የጉድ ትምህርት ነው።

በዚያው ዓመት ሮላንድ ፍራየርና ስቲቨን ሌቪት የተባሉ ሌሎች ሊቃውንት የካሊፎርኒያን የልደት መዝገብ መርምረው፣ ሰው የተወለደበት የኑሮ ሁኔታ ከታሰበ በኋላ ስሙ ብቻውን ኑሮውን እንዳላከፋው ጽፈዋል። አንዳንዱ ሁለቱ ምርመራዎች ይጣላሉ ይላል። ለእኔ ግን አንዱ ሌላውን የሚያስረዳ ይመስለኛል፤ በስሙ ውስጥ ክፉ ኃይል የለም፤ ክፋቱ ያለው ስሙን አይቶ የወላጆችን ድኽነት፣ ዘርንና ሰፈርን በልቡ ጨምሮ በሚያነበው ሰው ዘንድ ነው። ከዚያ ወዲህ በ2022 በታተመ ሌላ ጥናት ወደ 83000 የሚደርሱ ማመልከቻዎች ለ108 ታላላቅ ድርጅቶች ተልከው ነበር። አድልዎው በአንዳንዶቹ ድርጅቶች ብዙ፣ በሌሎቹ ጥቂት ሆኖ ተገኘ፤ ቅጥሩ በአንድ ማዕከል በሚመራበት ዘንድም አነሰ። እንግዲህ ይህ የተፈጥሮ ሕግ አይደለም፤ ሥርዐት የሚያበዛውና ሥርዐት የሚያሳንሰው ልማድ ነው።

የእኛም ወገኖች ይህን ቀምሰውታል። ቤተ እስራኤል በ1977 እና በ1983 ዓ.ም. በብዛት ወደ እስራኤል በተወሰዱ ጊዜ ለብዙዎቹ፣ ይልቁንም ለልጆቹ፣ በመዝገብና በትምህርት ቤት የዕብራይስጥ ስም ተሰጣቸው። ለመቀበል አስበው ነው፤ ነገር ግን በስሙ ውስጥ የነበረው የእናት ቃል አብሮ ተፋቀ። ኋላ ካደጉ በኋላ የቀድሞ ስማቸውን የመለሱ አሉ። የባቢሎን የጃንደረቦች አለቃም ዳንኤልን ብልጣሶር ብሎት ነበር፤ እኛ ግን እስከ ዛሬ የምናከብረው ዳንኤል ብለን ነው።

በአገራችንስ? ስደቱ የተባለ አመልካች ወረቀቱን ወደ አንድ ጽሕፈት ቤት ቢያገባ፣ «ይህስ ከእኛም ዘንድ መሰደዱ አይቀርም» የሚል ጨዋታ መነሣቱ አይቀርም። ጨዋታው ወዲያው ይረሳል፤ ወረቀቱ ግን ከታች ገብቶ ይቀራል። ያ ስም እናቱ ከጦርነት ስትሸሽ በመንገድ መውለዷን የሚመሰክር ሊሆን ይችላል። ማስረሻ፣ ምትኩ፣ ካሣ የሚሉት ስሞችም በብዙ ቤት የሞተ ልጅ ኀዘን ያለባቸው ናቸው። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ስሙን አይቶ፣ ይህ የእንዲህ ያለ ቋንቋ፣ የእንዲህ ያለ ሃይማኖት፣ የእንዲህ ያለ አውራጃ ሰው ነው ብሎ ወገን መለየት ነው። በእንዲህ ያለው ጊዜ መራጩ ያነበበው ማመልከቻውን ሳይሆን የገዛ ልቡን ነው።

ቤተ ክርስቲያናችን በዚህ ነገር የሚያስተምረን ሥርዐት አላት። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ሲጠመቁ ሌላ ስም ይሰጣቸዋል። የባላባቱ ልጅ ገብረ ማርያም ይባላል፤ የጭሰኛውም ልጅ ገብረ ማርያም ይባላል። በጸሎትም በፍትሐትም የሚነሣው ይህ ስም ነው። በዚያ ስፍራ ካህኑ የክርስትና ስሙ ማን ነው ብሎ ይጠይቃል እንጂ፣ ሰውየው በዓለም በሚጠራበት ስም ጻድቅ ነው ወይም ኃጥእ ነው ብሎ አይፈርድም።

ስለዚህ ለደራስያን ወንድሞቼና እኅቶቼ የምለው፣ ክፉውን ሰው በክፉ ስም፣ ደጉን በደግ ስም መሰየም ይብቃን፤ አንባቢው ሰውን በሥራው እስኪያውቀው ድረስ ይድከም። በሠራተኛ ምርጫ ለሚቀመጡም የምለው፣ ማመልከቻውን ከግርጌ ጀምረው ወደ ላይ ያንብቡት፤ ትምህርቱን፣ ልምዱን፣ ምስክሩን አይተው ስሙን በመጨረሻ ይዩት። ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚለውን አነጋገር ለሰርግና ለክርስትና እንተወው፤ ለቅጥርና ለፍርድ ግን አይሆንም። ካሣን ጉዱ ያለው መልአክ አልነበረም፤ ጎረቤቶቹ ነበሩ።