አርበኛ ማን ነው? በአሜሪካ የነጻነት ጦርነት ስለ ተዋጉት ጥቁር ወታደሮች መታሰቢያ የቀረበ ሂስ

«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» የሚለው ብሂል መታሰቢያ የማቆምን ልማድ ምክንያት በአጭሩ ይገልጻል። ነገር ግን ከመቃብር በላይ የሚውለው የማን ስም እንደሆነ የሚወስነው ሟቹ ሳይሆን ከእርሱ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው። ስለዚህ ሐውልት ስለ ሙታኑ የሚናገረውን ያህል ስላቆሙት ሰዎችም ይናገራል። ከ1775 እስከ 1783 በአውሮፓውያን አቈጣጠር በተደረገው የአሜሪካ የነጻነት ጦርነት የተሰለፉት ጥቁር ወታደሮች የታሰቡበት መንገድ ለዚህ ምስክር ነው።

በአሜሪካኖች ወገን የተዋጉት ጥቁሮች፥ እንደ ታሪክ ጸሐፊዎች ግምት፥ 5,000 ያህል ነበሩ። በየካቲት ወር 1778 የሮድ አይላንድ ምክር ቤት ባሮች ወደ ጦሩ እንዲገቡ ፈቅዶ፥ የተመዘገበው ባሪያ ነጻ እንዲወጣ፥ ለጌታውም እስከ 120 ፓውንድ ካሣ እንዲከፈል ደነገገ። ይኸው ምክር ቤት ግን በዚያው ዓመት በሰኔ ወር ምዝገባውን ዘጋ። ሆኖም ቀድመው የገቡት ወታደሮች በነሐሴ ወር በሮድ አይላንድ በተደረገው ውጊያ ተሰልፈው ተዋግተዋል። ከዚህ እንደሚታየው በሩን የከፈተው የሰው እጥረት እንጂ የፍትሕ አሳብ አልነበረም፤ ለወታደሩ ግን ነጻነቱ ነጻነት ነበረ።

የእነዚህን ሰዎች ሥራ አሰባስቦ በመጽሐፍ ካቀረቡት ቀደምት ጸሐፊዎች ዋነኛው የቦስተን ተወላጅ የሆነው ጥቁር ጸሐፊ ዊልያም ኩፐር ኔል ነው። በ1855 ያሳተመው መጽሐፍ ከየከተማው የተገኘውን ማስረጃና የሽማግሌዎችን ትዝታ ስላከማቸ ዋጋው ከፍ ያለ ነው። ጉድለቱ ከዓላማው የመጣ ነው። ኔል የጻፈው ሚሊዮኖች ገና በባርነት ሳሉ፥ ጥቁር ሕዝብ ለአገሪቱ ደሙን ስላፈሰሰ የዜግነት መብት ይገባዋል ብሎ ለመከራከር ነበረ። ክርክሩ እውነት ቢሆንም አደገኛ ሚዛን ይዟል፤ ሰው መብቱን የሚያገኘው ሰው በመሆኑ ሳይሆን ለአገር በከፈለው ዋጋ ነው የሚያሰኝ ሚዛን ነውና።

ይኸው ሚዛን በድንጋይና በነሐስም ተቀርጿል። ኔልና ጓደኞቹ በ1851 ለክሪስፐስ አታክስ ሐውልት እንዲቆም ለማሳቹሴትስ ምክር ቤት አቤቱታ አቅርበው ነበር፤ አልተፈቀደላቸውም። በመጨረሻ በ1888 በቦስተን የቆመው ሐውልት መጋቢት 5 ቀን 1770 በእንግሊዝ ወታደሮች ጥይት የወደቁትን አምስት ሰዎች፥ ከእነርሱም ጋር አታክስን ያስባል። በዋናነት የሚታየው ግን የተሰበረ ሰንሰለት የያዘች፥ የነጻይቱ አሜሪካ ምሳሌ የሆነች ሴት ናት። አታክስ መርከበኛ እንጂ ወታደር አልነበረም፤ የሞተውም ጦርነቱ ከመጀመሩ አምስት ዓመት በፊት ነው። ስለዚህ ከጥቁር ተዋጊዎች ሁሉ ይልቅ ስሙ የገነነው በጦር ሜዳ ያልዋለው ሰው ሆነ። ዓመታት የዘመቱት በሐውልቱ ላይ ቦታ አላገኙም። በዋና ከተማው ለእነርሱ መታሰቢያ እንዲሠራ የአሜሪካ ኮንግረስ በ1986 ቢፈቅድም፥ ሥራው ሳይጀመር ፈቃዱ በ2005 አለፈ፤ በ2013 እንደገና በሌላ ሕግ መፍቀድ አስፈለገ።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ጥያቄ ግን በሌላው ወገን ስለ ተሰለፉት ነው። በኅዳር ወር 1775 የቨርጂኒያ አገረ ገዥ ሎርድ ደንሞር ከዐመፀኞቹ ጌቶች ከድተው መሣሪያ ለሚያነሡለት ባሮች ነጻነት እንደሚሰጥ ዐወጀ። ከእነርሱ ያቋቋመውም ጦር «የኢትዮጵያ ሬጅመንት» ተባለ። ስሙ የወጣለት ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ግንኙነት ኖሮት አይደለም፤ በመጽሐፍ ቅዱስና በግሪኮች አጠራር ልማድ ጥቁር ሕዝብ ሁሉ «ኢትዮጵያዊ» ይባል ስለ ነበረ ነው። ደንሞር ራሱ የባሮች ጌታ ነበረ፤ ዐዋጁም ለንጉሡ የታመኑትን ጌቶች ባሮች አይመለከትም ነበር። ከጦሩም ብዙዎቹ በጥይት ሳይሆን በፈንጣጣ አለቁ።

ከ1936 እስከ 1941 የነበረውን የጣሊያን ወረራ የሚያስታውስ አማርኛ ተናጋሪ፥ ለአገሩ የዘመተውን «አርበኛ»፥ ከባዕድ ያበረውን «ባንዳ» ብሎ ይለያል። ይህ ሚዛን በዚህ ስፍራ አይሠራም። ባንዳ የሚባለው አገር ኖሮት አገሩን የከዳ ሰው ነው፤ እንደ ከብት የሚሸጥ ሰው ግን አገሬ የሚለውን ማን ሰጠው? ቤንጃሚን ኳርልስ በ1961 ባሳተመው ጥናት ሁለቱንም ወገኖች በአንድነት መርምሮ፥ የጥቁሩ ታማኝነት ለቦታ ወይም ለሕዝብ ሳይሆን ለነጻነት መሠረተ አሳብ እንደ ነበረ ያስረዳው ከዚህ የተነሣ ነው። በ1783 ከእንግሊዞች ጋር ወደ ኖቫ ስኮሺያ የሄዱት 3,000 ያህል ጥቁሮች፥ ከእነርሱም በ1792 ወደ ሴራሊዮን ተሻግረው ፍሪታውንን የመሠረቱት 1,200 ያህል ሰዎች፥ በሮድ አይላንድ ጦር የተሰለፉት የፈለጉትን ያንኑ ነገር ፈልገዋል።

ይህን በግልጥ የሚያሳይ ሰነድ የኮኔቲከት ጦር መዝገብ ነው። በሌሎች መዝገቦች አንዳንዱ ጥቁር ወታደር ያለ ስም «አንድ ጥቁር ሰው» ተብሎ ብቻ ሲጻፍ፥ በዚህኛው ግን የአባት ስም በሚጻፍበት ስፍራ «ነጻነት» ወይም «ነጻ ሰው» የሚል ስም የያዙ ወታደሮች ይገኛሉ። የስም አወጣጥን ለሚያጠና ሰው ይህ ከማናቸውም ሐውልት የበለጠ ይናገራል። ስሙ ንጉሥንም ኮንግረስንም አይጠራም፤ የሚጠራው ሰውየው የተዋጋለትን ነገር ብቻ ነው። እንግዲህ ወደ ፊት የሚቆም መታሰቢያ ስለ አሸናፊው ወገን የቀረበ ምስጋና ብቻ ከሆነ ግማሹን እውነት ይቀብራል፤ የሁለቱንም ወገን ስሞች ጎን ለጎን ቢጽፍ ግን የሙታኑን ፈቃድ ይፈጽማል።