«ፎግ» በአማርኛ፦ በተመሳሳይ ቃላት የመፍታት ልማድ ሲመረመር

«ፎግ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ አዘውትሮ የሚሰጠው ፍቺ «ጉም፣ ጭጋግ» ነው። «ሚስት» ሲፈታ ቅደም ተከተሉ ተለውጦ «ጭጋግ፣ ጉም» ይሆናል። «ሄዝ» ላይ ሲደረስም እነዚሁ ሁለት ቃላት ተመልሰው ይመጣሉ። ይህ አፈታት ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም፤ ያልተሟላ መሆኑን ግን መካድ አይቻልም። ያልተሟላ ፍቺ በተርጓሚ እጅ ሲገባ ወዴት እንደሚያደርስ በዚህ አጭር ጽሑፍ ለማሳየት እንሞክራለን።

በዕለታዊው እንግሊዝኛ «ፎግ» እና «ሚስት» የሚለያዩት በድፍነታቸው መጠን ነው። «ፎግ» ዓይንን የሚጋርድ፣ ነጂን የሚያዘገይ፣ አውሮፕላንን ከመነሣት የሚያግድ ነው። «ሚስት» ሳሳ ያለና ከበስተጀርባው ያለውን ነገር የሚያሳይ ነው። የአየር ጠባይ ሳይንስም ይህንኑ በልክ ወስኖታል፤ አግድም እይታ ከ1,000 ሜትር በታች ሲሆን «ፎግ»፣ 1,000 ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን «ሚስት» ይባላል። የሁለቱም አካል በአየር ላይ የተንሳፈፈ ደቃቅ የውሃ ጠብታ ነው። «ሄዝ» ግን የሚሠራው ከአቧራ፣ ከጢስ፣ ከጨው ቅንጣትና ይህን ከመሰለ ደረቅ ብናኝ ነው። እንግዲህ ሁለቱ እርስ በርሳቸው በመጠን ሲለያዩ፣ ሦስተኛው ከሁለቱ በዓይነት ይለያል። «ጉም፣ ጭጋግ» የሚለው ድርብ ፍቺ መጠኑንም ዓይነቱንም አይነግረንም።

ጉዳዩ የቃላት ጨዋታ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳን «ስሞግ» ነው። ይህ ቃል «ጢስ» እና «ፎግ» የሚሉት የእንግሊዝኛ ቃላት ተቆራርጠው የተገጠሙበት ሲሆን፣ በ1905 እ.ኤ.አ. በስፋት እንዲታወቅ ያደረገው ሐኪሙ ሄንሪ አንትዋን ዴ ቩ ነው። በታኅሣሥ 1952 እ.ኤ.አ. ከ5ኛው እስከ 9ኛው ቀን ድረስ ለንደንን የሸፈነው የከሰል ጢስና ፎግ ቅልቅል፣ በመጀመሪያው ግምት ወደ 4,000 ሰዎችን ገደለ፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የተደረገ ጥናት ቁጥሩን ወደ 12,000 ከፍ አድርጎታል። ይሁን እንጂ የእንግሊዝ የጤና ሚኒስቴር በ1954 እ.ኤ.አ. ባወጣው ዘገባ ርእስ ላይ የተጠቀመበት ቃል «ስሞግ» ሳይሆን «ፎግ» ነበር። «ፎግ» የተፈጥሮ ነው፤ ማንም አይጠየቅበትም። «ስሞግ» ግን ከምድጃና ከጭስ ማውጫ የሚነሣ በመሆኑ ተጠያቂ አለው፤ በ1956 እ.ኤ.አ. የወጣው የንጹሕ አየር ሕግ ያነጣጠረውም በጢሱ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ተርጓሚ ያን አደጋ «የለንደን ጉም» ብሎ ቢያልፈው፣ ሰው ሠራሹን ጥፋት ሳያስበው በተፈጥሮ ላይ አላከከ ማለት ነው።

ወደ ምሳሌያዊው አነጋገር ስንሻገር ችግሩ መልኩን ይለውጣል። እንግሊዝኛ «ፎግ» ሲል የሚያስበው የነገርን መምታታት ነው። የክላውዝቪትስ የጦርነት ድርሰት በ1832 እ.ኤ.አ. ከታተመ በኋላ ከስሙ ጋር ተያይዞ የሚጠቀሰው «የጦርነት ፎግ»፣ ከ2020 እ.ኤ.አ. ወዲህም ከኮቪድ በሽታ ጋር በተያያዘ የተለመደው «የአእምሮ ፎግ» ከዚሁ ይመነጫሉ። በአማርኛ ግን «እንደ ጉም በነነ» ስንል የነገሩን አላፊነት፣ «ጉም መጨበጥ» ስንል የድካሙን ከንቱነት መናገራችን ነው። ጭጋግም ቢሆን ቅሬታንና የፊት መጥቆርን እንጂ የሐሳብን መምታታት አያመለክትም። ስለሆነም «ፎግ» በምሳሌነት ሲመጣ «ነገሩ ተምታታበት»፣ «አእምሮው ፈዘዘ» ማለት ይሻላል። «ሚስት» ስለ ዓይን ሲነገር «እንባ አቀረረ»፣ «ሄዝ» ስለ ትዝታ ሲነገር «ደበዘዘ» ይበቃዋል።

ይህ ደንብ የማይሠራበት ቦታ መኖሩን መደበቅ ግን አንፈልግም። ቻርልስ ዲከንስ ከ1852 እስከ 1853 እ.ኤ.አ. በተከታታይ ባሳተመው «ብሊክ ሀውስ» ልብ ወለድ መክፈቻ ላይ፣ ያው አንድ «ፎግ» የቴምዝን ወንዝም የፍርድ ቤቱንም አሠራር ይሸፍናል። ተርጓሚው ለወንዙ «ጉም»፣ ለፍርድ ቤቱ «መምታታት» ቢል ደራሲው ያሠረውን ይፈታበታል። እዚህ ላይ ያለው ምርጫ አንድ ቃል ይዞ መዝለቅና አማርኛው አዲስ ምሳሌ እንዲሸከም መፍቀድ ነው።

ለሙያዊ ጽሑፍ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። «ጉም» ከውሃ ጠብታ ለሚሠራው ብቻ ይወሰን፤ «ፎግ» ጉም፣ «ሚስት» ስስ ጉም ይባሉ። «ጭጋግ» ከብናኝና ከጢስ ለሚመጣው ይሰጥ፤ «ሄዝ» ደረቅ ጭጋግ፣ «ስሞግ» የብክለት ጭጋግ ይባሉ። ለ«ስሞግ» «ጢስ ጉም» የሚል ጥምር ያልመረጥነው፣ የሎስ አንጀለሱ ዓይነት «ስሞግ» የመኪና ጭስ በፀሐይ ብርሃን ሲለወጥ የሚፈጠር እንጂ ጉም የሌለበት በመሆኑ ነው። ቃላቱን እንዳሉ መዋስም አያዋጣም፤ «ሚስት» በአማርኛ የትዳር ጓደኛ ናትና አንባቢን ማሳሳቱ አይቀርም።

የዚህ ክፍፍል ዋጋ አይጠፋንም። ባላገሩ ከዝናብ በኋላ የሚወርደውን እርጥብ ድባብም «ጭጋግ» ይለዋል፤ እኛም እንዲህ ማለቱን እንዲተው አንጠይቅም። ሙያዊ ስያሜ ከዕለታዊው አነጋገር ጠበብ ማለቱ የተለመደ ነው። መዝገበ ቃላት ግን ሁለቱን አጠቃቀሞች ለይቶ ማመልከት ይገባዋል። ለዚህም በደጋው አገር ያደጉ አንባብያን ጉምና ጭጋግን በየአካባቢያቸው እንዴት እንደሚለዩ ቢጽፉልን፣ ያቀረብነው ክፍፍል የሚጸናበትን ወይም የሚታረምበትን ማስረጃ እናገኛለን።